ሪፖርት ሊያደርግ ነው

አረፍ ብዬ መቀመጥ አይሆንልኝም። ይህንንም የምጽፈው ላፕቶፑን ፍሪጁ ላይ ሰቅዬ፣ ቆሜ ነው። ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ «ቤታችሁ ወንበር የለም እንዴ?» ብላ ጠይቃት ነበር። ግጥምም የምጽፈው እየሄድኩ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ስንኝ በእርምጃ የሚለካ ይመስለኛል። ዳገት ላይ የጻፍኩት አጭር፣ ቁልቁለት ላይ የጻፍኩት ደግሞ ማቆሚያ የሌለው የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ወደፊት ለምትሰሙት ጥፋት ትንሽ ምሕረት እንድታዘጋጁልኝ ነው። የተቀመጠ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም ነበር።

ሥራዬ አፕታውን ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ሬስቶራንት ደንበኞችን መኪና እየተቀበሉ ማቆም ነው። ሰው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ እኔ እሮጣለሁ። ለእግሬ ተለክቶ የተሰፋ ሥራ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ማኔጀሬ ጠራኝ። ሰማያዊ ሰደርያዬን እንደለበስኩ፣ በሁለት እጄ የሰው ቁልፍ ጨብጬ ፊቱ ቀረብኩ።

«አንተ እዚህ ትሠራለህ አይደል?» አለኝ።

ደነገጥኩ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው መልሱ ሊቀየር ሲል ነው።

«እስካሁን አዎ» አልኩት።

«መንግሥት ግን ሥራ ፈት ነህ ይላል። ከዚህ እንደተባረርክ ተናግረህ አንኤምፕሎይመንት፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ አፕላይ አድርገሃል። ክፍያህም ጀምሯል።»

አንድ የማላውቀው ሰው በእኔ ስም ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። እኔ በፀሐይ እየሮጥኩ እሱ በስሜ ያርፋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመናደዴ በፊት ቀናሁበት። በሕይወቴ በስሜ ያረፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ደግሞ ማኔጀሬ ከስክሪኑ ላይ ስሜን ፊደል በፊደል ሲያነብልኝ ሌባው አንድም ስህተት እንዳልሠራ አየሁ። የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ የአባቴን ስም አጣሞ ነው የሚጽፈው። ሌባው ግን አክብሮኛል።

«ዛሬውኑ ሪፖርት አድርግ» አለ ማኔጀሬ። «ዝም ካልክ እየሠራህ ራስህ የወሰድከው ይመስላል። እሱ ደግሞ ወንጀል ነው፣ ቀልድ የለውም።»

እስቲ እዚህ ላይ ስለዚህች «ሪፖርት» ስለምትባል ቃል ትንሽ ላውራ። በእንግሊዝኛው የዋህ ናት። የጠፋ ቦርሳ ሪፖርት ይደረጋል፣ የተበላሸ የመንገድ መብራት ሪፖርት ይደረጋል። አንኤምፕሎይመንት የሚወስድም ሰው በየሁለት ሳምንቱ ሠርቼአለሁ፣ አልሠራሁም ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። እኛ ጆሮ ላይ ስትደርስ ግን ቃሏ ጥቁር መነጽር አጥልቃ ነው የምትገባው። እኛ የመጣንበት አገር ሪፖርት የሚያደርግ ሰው የጎረቤቱን እንግዳ የሚቆጥር፣ ማን ከማን ጋር እንዳወራ የሚመዘግብ ሰው ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ግን የማውቀውን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት የማስታወስ ልማድ የለኝም።

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት እትዬ ሰናይት ማርኬት ነው። እትዬ ሰናይት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ከኋላ ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት። ኦክላንድ ውስጥ የተነገረ ነገር ሳን ሆዜ የሚደርሰው በእነዚያ ሁለት ጠረጴዛዎች በኩል ነው። ስገባ ጓደኛዬ ሀሰን ደወለ። ሀሰን የደሴ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ በእኔ መሳቅ ደግሞ ሁለተኛ ሥራው ነው። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተንጎራደድኩ ጮክ ብዬ አወራሁ።

«አዎ ባክህ፣ የአንኤምፕሎይመንት ፍሮድ ሪፖርት ላደርግ ነው! ... ዛሬውኑ! ... ሰው እየሠራ እኮ ነው የሚወስዱት! ... አይደለም፣ ምንም አላዝንም፣ ይታሰሩ!»

ስልኩን ስዘጋ ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ሻያቸውን አፋቸው ጋ እንዳደረሱ ቀርተዋል። እትዬ ሰናይት የያዝኩትን የቴምር እሽግ ሒሳብ አልቀበል አሉኝ።

«ውሰደው የኔ ጌታ» አሉ። «ቆይ ግን... ለማን ነው ሪፖርት የምታደርገው?»

«ለመንግሥት ነዋ!»

«ማንን?»

«ማን እንደሆነማ ገና አላወቅኩም። ሲያጣሩ ይደርሱበታል። አንድ ብቻ አይመስለኝም፣ ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ብዙ» አሉ እትዬ ሰናይት ቀስ ብለው። ከዚያ ሌላ የቴምር እሽግ ጨመሩልኝ።

እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በዚያ ቀን ሱቁ ከወትሮው ቀድሞ መዘጋቱን የሰማሁት በኋላ ነው።

ሪፖርቱን ያደረግኩት በማግስቱ ሌክ ሜሪትን እየዞርኩ ነው። ስልኩ ላይ መጠበቂያ ሙዚቃ አለ። አንድ ሰው ፒያኖ ሊጀምር እያለ የሚተወው ዓይነት። ሐይቁን ዞሬ ስጨርስ ሙዚቃው አልጨረሰም። ሁለተኛ ስዞር አንዲት ነጭ ወፍ አየሁ። በዚህኛው ዳር ከአንዲት ሴትዮ ዳቦ በልታ፣ በርራ ተሻግራ በዚያኛው ዳር ከአንድ ሽማግሌ ፊት እንዳልበላ ሰው አንገቷን ትደፋለች። ሣቄ መጣ። ስልኩን እንደያዝኩ በልቤ ስንኝ መደርደር ጀመርኩ። «ጥቁር... ነጭ... ለባሽ...» እያልኩ ሳለ አንዲት ሴት «ሄሎ?» አለችኝ። ስሜን ስትጠይቀኝ ረሳሁት።

«ይህን ያደረገውን ሰው ታውቀዋለህ?» አለች።

«አላውቀውም። ግን ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ስሜን በትክክል ጽፏል።»

አልሳቀችም። እኔ እኔ መሆኔን በጥያቄ ብዛት አጣራች። በእኔ ስም የወጣው ክፍያ እንደሚቆም፣ እኔም እንደማልጠየቅበት ነገረችኝ። ከዚያ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። ሌባው ቢገኝስ? የወሰደውን ከነቅጣቱ ይመልሳል። ወደፊት ሥራ ቢያጣ እንኳ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ሆን ብሎ መዋሸቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም እስር ሊኖር ይችላል። የኔ ጉዳይ በዚህ አለቀ። አለቀ ያልኩት እኔ ነኝ።

አዲስ እውቀት ያገኘ ሰው እንደ አዲስ ጫማ ሳያሳየው አያድርም። እትዬ ሰናይት ጋ ሄጄ ሱቁ መካከል ላይ ቆሜ ሕጉን አንድ በአንድ አስረዳሁ። እስር የሚለው ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፣ ያምራልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንድ ሰው» የሚባል ፍጡር አወቅኩ።

«ለአንድ ሰው ነው የምጠይቅህ» አለኝ አንድ ሹፌር፣ «አንድ ሰው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ኡበር ቢነዳ ሥራ ይባላል?»

«ለአንድ ሰው ነው» አሉ እትዬ ሰናይት፣ «አንድ ሰው የቀጠራትን ልጅ በካሽ ቢከፍላት፣ እሷ ደግሞ ከመንግሥት ብትወስድ፣ የሚጠየቀው ማን ነው?»

ማውንቴን ቪው ያለ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ሳይቀር ኮል አድርጎ ስለ አንድ ሰው ጠየቀኝ። ይህ አንድ ሰው ኦክላንድ ይነዳል፣ አልባኒ ያጸዳል፣ ሳን ሆዜ ጎማ ይቀይራል። መቼ እንደሚተኛ እንጃለት። እኔም ሁሉንም በትዕግሥት እመልሳለሁ። «አደጋ ላይ ነው በለው» እላለሁ። ፊታቸው ይገረጣል። ለሰው አሳቢዎች ናቸው ብዬ አደንቃለሁ።

አሁን ስለ ጋሽ ዘለቀ ልንገራችሁ። የምኖረው ምሥራቅ ኦክላንድ ከእሳቸው ጋር ነው። ቤቱን የተከራዩት እሳቸው ናቸው፣ አንዷን ክፍል ለእኔ ሰጥተውኛል። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዘመን ሠርተው ሆቴሉ ሲዘጋ ሥራ አጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሳን ሆዜ እየነዱ የእህታቸውን ባል አቶ ግርማን ጎማ ቤቱ ውስጥ ያግዛሉ። በሚቀጥለው ወር የሲቲዝንነት ኢንተርቪው አላቸው። ሲቲዝን ከሆኑ አዲስ አበባ ያለችውን አንድ ልጃቸውን ሜሮንን ቶሎ ያመጧታል። ስለዚህ ወጥ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆኗል። ሽንኩርት እየከተፉ «የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ይመልሳሉ።

ግጥሜን ግን አይወዱም። ማንበብ ስጀምር ቧንቧ ይከፍታሉ። የኔን ሪፖርት ወሬ የሰሙ ዕለት ግን ቧንቧውን ዘጉ።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ግጥምህን ነዋ።»

ቆሜ አነበብኩ። ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ሳህኔን አነሡና አጠቡልኝ። ጥናቱንም ተዉት። የምክር ቤቱ ጥያቄ ቀረ። ይህን ሁሉ እያየሁ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጨረሻ ግጥሜ ገባቸው!

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ከእኔ ቀድመህ ገብቶሃል። አውቃለሁ። እኔ ግን ዝናዬን በማስተናገድ ተጠምጄ ነበር። ማርኬት ስገባ ወንበር ይነሣልኛል፣ አልቀመጥም እንጂ። ሹፌሮች «ገጣሚው!» ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ አቶ ግርማ ራሳቸው ደወሉ።

«ወንድሜ፣ እሁድ ሳን ሆዜ የማኅበራችን ዝግጅት አለ። ግጥምህን ብታቀርብልን ትልቅ ክብር ነው። ከሰው ጋር ብትተዋወቅ ደግሞ ጥሩ ነው። ሰው ሰውን ሲያውቅ አይጨካከንም፣ አይደል?»

«ልክ ነዎት!» አልኩ። ስለ ሥነ ጽሑፍ እንዲህ አርቆ የሚያስብ ጎማ ቀያሪ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጋሽ ዘለቀ በመኪናቸው ወሰዱኝ። እኔ ከፊት ተቀምጬ እግሬ ወለሉን ይደበድባል። እሳቸው መሪውን አንቀው ይዘዋል።

«ያ ግጥም» አሉ፣ ፍሪሞንትን አለፍ እንዳልን፣ «የሰው ስም አለበት?»

«የለም ጋሼ፣ ስለ ወፍ ነው።»

«ወፍ ብቻ?»

«ወፍ ብቻ።»

ትንሽ ነዱ። «ወፏ... ከየት ናት?»

«ከኦክላንድ።»

እሳቸው የመኪናውን ፍጥነት ቀነሱ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። እትዬ ሰናይት ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ሀሰን ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል። አቶ ግርማ ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰይመዋል። ማይኩን ያዝኩ። እንዲህ ሲሰሙኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንድም ሰው ስልኩን አያይም። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፦

የሐይቁ ወፍ ነጭ ለባሽ፣
በዚህ ጎራሽ በዚያ ቀማሽ፤
እዚህ ዳር ላይ ጠግበሽ በልተሽ፣
እዚያ ዳር ላይ «ራበኝ» ብለሽ፤
አልነቁም ብለሽ ስትከንፊ፣
ማን አየሽ ከላይ? ጭልፊት እንዳይሆን እለፊ!

የመጨረሻዋ ስንኝ ቁልቁለት ላይ የተጻፈች ናት፣ ስለ ርዝመቷ ይቅርታ። አዳራሹ ግን ርዝመቷን ያየ አልመሰለም። አንድ ሰው «ወይ ጉድ!» አለ። ሌላው ተነሥቶ ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለው። እትዬ ሰናይት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ጭብጨባ መጣ፤ ረጅም፣ የማይቆም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እያየ፣ ቀድሞ ማቆም የፈራ ይመስላል። አቶ ግርማ ላብ በላብ ሆነው ያጨበጭባሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወላጆቼ ሐኪም ሁን ሲሉኝ ምን ያህል እንደተሳሳቱ አሰብኩ።

ሀሰን ክንዴን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ጎተተኝ።

«ስማ አንተ ጅል» አለ፣ ሣቁ እያቋረጠው፣ «ነጭ ለባሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ነጭ ላባ ያላት።»

«ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነው! ወላሂ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀረ ሰው የለም ያልተረጎመው። ግማሹ ነጭ ለባሹ አንተ ራስህ ነህ ይላል። ግማሹ ደግሞ ወፏ እኛ ነን፣ በሁለት ቦታ የምንበላው፣ ጭልፊቱ ነው አንተ ይላል።»

«እኔ እኮ ስለ ወፍ ነው የጻፍኩት!»

«ለአበሻ ስለ ወፍ ይጻፋል? ሰው ቅኔ እየፈለገ ነው የሚያድር። ሪፖርት ሊያደርግ ነው ተብሎ ከኦክላንድ እስከዚህ ድረስ ሰው እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። የሻይ ግብዣው፣ ቴምሩ፣ ይሄ ዝግጅት... ምን መስሎህ ነበር?»

ሰላይ ነህ መባሌ ብዙም አልጎዳኝም። የጎዳኝ ጭብጨባው ነው። ከሁሉም የሚያበግነው ደግሞ እኔ ሰሙን ብቻ ሰጥቻቸው ወርቁን ራሳቸው ማውጣታቸው፣ ያወጡትም ከግጥሜ የተሻለ መሆኑ ነው። መኪኖቹ መካከል እየተመላለስኩ ሳለ አንደኛው መኪና ውስጥ ሰው አየሁ። ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ግጥሙ ሳያልቅ ወጥተው ኖሮ ሞተሩን አስነሥተው፣ የትም ሳይሄዱ፣ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«አንድ ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

እግሬ ቆመ። በሕይወቴ እግሬ ራሱ የቆመበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ሆቴሉ ሲዘጋ አንኤምፕሎይመንት ገቡ፣ መብታቸው ነው። ከዚያ አቶ ግርማ «ና አግዘኝ» አሏቸው። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ፣ በኋላ በየቀኑ። እየከፈሏቸው። በየሁለት ሳምንቱ «ሠርተሃል?» ተብለው ሲጠየቁ «የለም» እያሉ ይመልሳሉ።

«ማገዝ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሥራ እኮ ይቀጥሩሃል። ዩኒፎርም ይሰጡሃል። እኔን ማን ቀጠረኝ? የእህቴ ባል ና አለኝ፣ ሄድኩ። አገራችን አጎቱን ሱቅ ያገዘ ሰው ሠራሁ ይላል?»

«አይልም» አልኩ።

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ። በኋላስ... በኋላ አውቄዋለሁ። አንተ ሰናይት ቤት ቆመህ ያስረዳኸውን ስሰማ ነው ጥናቱን የተውኩት። ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ጥፋት አጥፍተህ ያልተያዝክበት ጊዜ አለ ወይ ይላል። እጄን አንሥቼ፣ ምዬ ነው የምመልሰው። ስንቱን ጥያቄ አጠናሁ፣ የዚያን መልስ ግን አጣሁት። ብዋሽ ነገ ቢደረስበት ሜሮን ቀረች ማለት ነው። ባልዋሽም ቀረች ማለት ነው።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ስሜን ሰጥተሃቸዋል?»

«ጋሼ! እኔ በስሜ የተነገደብኝ ሰው ነኝ! ሪፖርት ያደረግኩት የራሴን ሌባ ነው!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሳህን ለምን አጠብኩልህ?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

አቶ ግርማ መስኮቱን አንኳኩ። ሪፖርቱ የራሴ ጉዳይ መሆኑን ስነግራቸው የአዳራሹ ላብ በአንዴ ደረቀ።

«ታዲያ አለቀ! ዝም በል በቃ ዘሌ። ቤተሰብ ቤተሰብን አገዘ፣ ማን ያገባዋል?»

«ኢንተርቪው አለብኝ ግርማ።»

«ኖ ብለህ ትወጣለህ!»

«ኖ ማለት እኮ ነው እዚህ ያደረሰኝ።»

«አንተ ስትናገር እኔም አብሬ እንደምነሣ አስበሃል? የማን ጎማ ቤት ነው? ማነው በካሽ የከፈለህ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ወፍህን ይዘህ ወደ ኦክላንድ ሂድልኝ!»

ጋሽ ዘለቀ መስኮቱን ዘጉ፣ ማርሽ አስገቡ።

አልባኒ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነፃ የሚያማክሩ የሕግ ሰዎች የሚመጡበት ቀን አለ። ይዣቸው ሄድኩ። ጠበቃዋ ወጣት ናት። እኔ ቀድሜ «የመጣነው ለአንድ ሰው ነው» አልኳት። ከእኔ ወደ ጋሽ ዘለቀ፣ ከጋሽ ዘለቀ ወደ ጎማ ወዳጠቆራቸው ጥፍሮቻቸው አየችና «አንድ ሰው ይቀመጥ» አለች። እኔ ቆምኩ።

የነገረችን ነገር ማር አልነበረም። አለማወቅና አውቆ መዋሸት በሕግ የተለያዩ ናቸው፤ በሁለቱም ግን የወሰዱትን መመለስ ግድ ነው። አውቆ ለዋሸ ቅጣት አለ፣ ክስም ሊኖር ይችላል። ሳይያዙ ቀድሞ መናገር ጉዳዩን አያጠፋውም፣ መያዝና በራስ እግር መምጣት ግን አንድ አይደለም። ኢንተርቪው ላይ መዋሸት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ይተላለፍ፣ መጀመሪያ ይህኛው ይጽዳ።

«ይተላለፍ ማለት እስከ መቼ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ በአማርኛ፣ ወደ እኔ።

ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ያንን መተርጎም አላስፈለገኝም።

የደወልነው በማግስቱ ጠዋት ከወጥ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ አለው፣ እሳቸው ግን «አንተ ሁንልኝ» አሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ድምፁን ለቀቅነው። ያው ፒያኖ ሊጀምር እያለ ቀረ። በመጨረሻ ረጋ ያለ የሰውዬ ድምፅ መጣ። ነገሩን ነገርኩት። ሁሉም ደህና ሄደ፣ እስከዚያች ጥያቄ ድረስ።

«ሰውዬው ሲሠሩ ነበር ወይስ ዘመድ ሲረዱ ነበር?» አለ። «ልዩነት አለው።»

ልዩነት አለው! በሩ ገርበብ ብሎ ታየኝ፣ ጋሽ ዘለቀን ይዤ ሾልኬ ልገባ ነው። እየተንጎራደድኩ ጀመርኩ። ባህላችን ውስጥ መተጋገዝ የሚባል ትልቅ ነገር እንዳለ፣ ደቦ ምን እንደሆነ፣ የእህት ባል ምን ያህል ከባድ ዘመድ እንደሆነ፣ ገንዘቡም ክፍያ ሳይሆን የፍቅር መግለጫ መሆኑን በእንግሊዝኛ አወረድኩት። ዕድሜዬን ሁሉ ያጣሁት ንግግር ያን ጠዋት መጣልኝ። ሰውዬው ዝም ብሎ ይሰማል። የትየባ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ጋሽ ዘለቀ ሰደርያዬን ጎተቱ።

«ምን እያልከው ነው?»

«ባህላችንን እያስረዳሁት ነው።»

«ደቦ ስትል ሰምቻለሁ።»

«እየሰማኝ ነው ጋሼ! ረዱ ካልኩ—»

«ባህሉን ተወው» አሉ። «ደቦ አንድ ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ስሄድ አይተኸኛል። በለው።»

«ጋሼ፣ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ሜሮን—»

«የማን ልጅ ናት?»

ስልኩን ወደ አፋቸው ሳቡት። የሆቴሉን ዘመን ሁሉ ከአለቆቻቸው ጋር ያወሩበት ያ አጭር እንግሊዝኛቸው ወጣ።

«ሰር። አይ ዎርክ። ኤቭሪ ደይ አይ ዎርክ። ታየር አይ ቼንጅ። ሂ ፔይ ሚ። ዩ አስክ፣ አይ ሴይ ኖ። ኖ ኢዝ ላይ።» ኖ ያልኩት ውሸት ነው ማለታቸው ነው።

ስልኩ ውስጥ መተየብ ተሰማ፣ ሳያቋርጥ፣ ለረጅም ጊዜ። አንድም ግጥሜ እንደዚያ ተጽፎልኝ አያውቅም።

ሰውዬው መልሶ ሲናገር ድምፁ አልከረረም፣ አላዘነም። የወሰዱት ይመለሳል፣ በየወሩ እየቆረጡ መክፈል ይችላሉ። ቅጣት ይታከልበታል። ወደፊት ሥራ ቢያጡ የሚከለከሉበት ጊዜ ይኖራል። ወደ ክስ ይሂድ አይሂድ የሚወስነው ሌላ ክፍል ነው፤ ራሳቸው ደውለው መናገራቸውን ግን ፋይሉ ላይ አስፍሯል። ከዚያ በላይ ቃል ሊገባ አልቻለም። ስለ ጎማ ቤቱም ጠየቀ። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው አድራሻውን ሰጡ። በዚያው ሳምንት አቶ ግርማ ቤተሰብነቱን አቋረጡ፤ የጋሽ ዘለቀ እህት ግን ተደብቀው ይደውሉላቸዋል።

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ከፍሪጁ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ፍሪጁ እመላለሳለሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግኩ፣ ግን የትኛውን ይቅርታ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ስለ ወፏ ነው፣ ስለ ደቦው ነው ወይስ ስለ ሳህኖቹ? እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው መጡና ለሜሮን ደወሉ። እዚያ አመሻሽ ነው። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው።

«አባዬ! ጥናቱ እንዴት ነው? የምክር ቤቱን በቃልህ ያዝከው?»

«ይዣለሁ። ኢንተርቪው ግን ተላልፏል።»

«ለመቼ?»

«አልታወቀም።»

ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ወረደ። አላለቀሰችም። ምንም ሳትል ብትቆይ ይሻለኝ ነበር፣ እሷ ግን ጠየቀች።

«ምን አጥፍተህ ነው?»

«ሠርቼ» አሏት።

«መሥራት ጥፋት ነው እንዴ?»

«ሠርቼ፣ አልሠራሁም ብዬ።»

አየቻቸው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ልጅ ሳይሆን ትልቅ ሰው በሚያይበት ዓይን።

«አሁንስ?» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አሁንማ ሠራሁ ብያለሁ።»